የባሻ ዓለሙ በቅሎና የብዙነሽ እንቅልፍ

ለቅሶ ቤት ሥራ ሲከፋፈል ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ጉልበት ያለው መቃብር ይቆፍራል፤ እጁ የተፍታታ ዳስ ይጥላል፤ ድምፅ ያላት ታስለቅሳለች፤ ዕድሜ የጠገበው ደግሞ ከፍ ካለ ቦታ ተቀምጦ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል። ይህ ሁሉ ተደልድሎ ካለቀ በኋላ ለምንም የማይሆን አንድ ሰው ጥግ ላይ ቆሞ ይገኛል። ለእሱ ልጅ ይሰጡታል። «ያዛት፣ አጫውታት፣ ለቅሶውን እንዳታይ» ይሉትና ዘወር ይላሉ። መቃብር መቆፈር ከዚያ እንደሚቀል የሚያውቀው ያ ሰው ብቻ ነው።

ጎባ ውስጥ ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

ስለ ራሴ ብዙ አላደክማችሁም። አባቴ ከጦሩ ጋር ከሰሜን ወርዶ እዚህ የሰፈረ ወታደር ነው፤ እኔ እዚሁ ብርዱ ላይ ተወለድኩ። የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ ዳዊቱን ካጋመስኩ በኋላ፣ አንድ ቀን እሳቸው አለንጋ ሲፈልጉ እኔ በር ፈለግሁ። እሳቸው ሳያገኙ እኔ አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ ከነጋዴ ጋር አህያ እየነዳሁ ጊኒር እወርዳለሁ፤ የጊኒርን ወሬ ለጎባ፣ የጎባን ለጊኒር አደርሳለሁ፤ አማርኛው ሲያልቅብኝ በኦሮምኛ እቀጥላለሁ። ሰፈሩ ሥራ ፈት ይለኛል። እግሬን ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም።

የሞቱት ጎረቤታችን እትዬ ደስታ ናቸው። ስማቸው ደስታ፣ ሥራቸው ማልቀስ። ከባላቸው ጋር ከቡልጋ ተነሥተው ጦሩን ተከትለው ሲመጡ ስንቅና ሙሾ ተሸክመው ነው የመጡት። መንገድ ላይ የወደቀውን፣ እዚህ ደርሶ ብርድ የጨረሰውን፣ ሁሉንም ገጥመውለትና አልቅሰውለት ሸኝተዋል። በዚህ አገር ዘመድ የሌለው ወታደር ሁሉ «እትዬ ደስታ እያሉልኝ ምን እፈራለሁ» እያለ ይመካባቸው ነበር።

እትዬ ደስታ ደግሞ ለድንገተኛ የሚሆን ሙሾ አልነበራቸውም። ሟች በድንገት ቢሞትም ግጥሙ ጊዜ ይፈልጋል ባይ ናቸው። ስለዚህ ሰፈር ውስጥ ሳል የጀመረውን፣ ፊቱ የገረጣውን፣ ዳገት ላይ ቆሞ የሚያርፈውን እያዩ ቀደም ብለው ይጀምሩለታል። ችግሩ የት ይለማመዱት? በቁም ላለ ሰው ሙሾ ማውረድ ሟርት ነው፤ ሰው ፊት አይሞከርም። የልጅ ልጃቸው ላይ ይለማመዱታል።

የልጅ ልጃቸው ብዙነሽ አራት ዓመቷ ነው። አባቷ ተክሌ፣ የእትዬ ልጅ፣ ጊኒር ለዘብ ሥራ ከወረደ ከርሟል፤ እናቷ ጫልቱ ገብሱን ስትል እርሻ ላይ ትውላለች፤ ልጅቱ ያደገችው እትዬ ደስታ ጀርባ ላይ ነው። ቤታችን ግድግዳ ይጋራል። በዚያ ግድግዳ በኩል «እሹሩሩ» ሲባል አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም። የምሰማው ገና እህል የሚበሉና ውሃ የሚጠጡ ሹማምንት ተራ በተራ ሲለቀስላቸው ነው። ሌላው ልጅ በእናቱ ዜማ ሲተኛ ብዙነሽን እንቅልፍ የሚወስዳት በግራዝማች ሞት ነበር።

እትዬ ደስታ በምስጋና አይሰስቱም። ቆንቋናውን ቸር፣ ፈሪውን አንበሳ ያደርጉታል። አንድ ቀን «እትዬ፣ ይኼ እኮ ውሸት ነው» ብላቸው፣ «ሙሾ እንደ ልጅ ቀሚስ ነው። ሰፊ አድርጌ እቆርጠዋለሁ፣ ቀስ ብሎ ይሞላዋል» አሉኝ።

«የሞተ ሰው እንዴት አድርጎ ነው የሚሞላው?»

«አንተን ከየኔታ ቤት ያስወጣህ ይኼ አፍህ ነው» አሉኝ። አፌ አይደለም፣ በሩ ነው፤ ግን አልተከራከርኩም።

እንዲህ የሰው ሞት ሲያሰናዱ የኖሩ ሴት ሁለት ቀን «ውጋት» ብለው በሦስተኛው ሞቱ። ለራሳቸው ያዘጋጁት አንድ ስንኝ አልነበረም።

ሥራ ያከፋፈሉት ባሻ ዓለሙ ናቸው፣ የሰፈራችን ትልቅ ሰው። አሮጌ ወታደር ናቸው፤ ሚስትም ልጅም የላቸውም። ያላቸው ነጭ ጋቢና ግራጫ በቅሎ ነው። ጋቢው ለማንም ከትከሻቸው ወርዶ አያውቅም፣ በቅሎዋም ለማንም ከደጃቸው ወጥታ አታውቅም። ያቺ በቅሎ ሰው በለመናት ቁጥር ትታመማለች። ለማኙ ዞር ሲል ትድናለች።

ቢሆንም ጫልቱ ልጇን ታቅፋ፣ «ባሻ፣ አባቷ ይምጣላት። ሽፈራው በበቅሎዎ ሄዶ ይጥራልኝ» ብላ ለመነቻቸው። ሽፈራው እኔ ነኝ።

«ምን ላድርግሽ ልጄ፣ የፊት እግሯን ይዟታል» አሉ ባሻ።

ዳሱ ሙሉ ሰው መሬት መሬቱን አየ። በእግሬስ ለምን አልሄድኩም? ጥሩ ጥያቄ ነው። ሦስት ቀን ያስኬዳል፣ እኔም ሰነፍኩ። ባሻም ጊዜ አልሰጡኝም፤ «አንተ ልጅቱን ያዝ። የሙሾ ድምፅ ጆሮዋ እንዳይገባ፤ ልጅ ነች፣ ትደነግጣለች» አሉኝ።

የሙሾ ድምፅ። ብዙነሽ። ምን ልበላቸው፣ ያዝኳት።

እስቲ እናንተ ሞክሩት። ቶጎና ወንዝ ወስጄ ድንጋይ አስወረወርኳት። በጭቃ በቅሎ ሠራሁላት፤ «ጆሮዋ የት አለ?» አለችኝ፤ ጆሮ ሠራሁ፤ «አሁን አህያ ሆነች» አለችኝ። ከፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ አስቀምጬ «ዝም ካልሽ ይወጣል» አልኳት፤ ዝም አለች፤ ፍልፈሉ ግን ከእኔ የበለጠ ብልህ ነበርና አልወጣም። ከዚያ እንደምፈራው ጥያቄው መጣ።

«እማማ የት ሄደች?»

ትልልቆቹ ያስጠኑኝን መለስኩ፤ «ጠበል።»

«በዱላዋ ነው የሄደችው?»

«አዎ።»

«ዱላዋ እኮ በር ላይ ነው ያለው።»

እንግዲህ እዚህ ላይ የትኛው አለቃ፣ የትኛው ሊቅ መልስ ይሰጣል? «ሌላ ዱላ ገዛች» አልኩ። አየችኝ። እኔ ጊኒር ገበያ ላይ አንካሳ አህያ ሊሸጥልኝ የሞከረውን ሰው ያየሁት ልክ እንደዚያ ነበር።

ከሁሉ የከፋው እንቅልፉ ነው። ቀን አልተኛም አለች፣ ሌሊትም አልተኛችም። በነጋታው ዓይኗ በርበሬ መስሎ ጉንጯ ጠውልጎ አገኘኋት፤ ቁራሽ አልቀምስ ብላለች። ጫልቱ በኦሮምኛ «ኡሩሩ» ብላ አባበለቻት፤ እኔ በአማርኛ «እሹሩሩ» አልኳት። ሁለቱንም ቋንቋ በእኩል ናቀችው። ምን እንደምትፈልግ እኔም አውቄያለሁ፣ ግድግዳውን ስለምጋራ። ቶጎና ዳር ሰው አለመኖሩን አይቼ አምና የሞቱትን የግራዝማችን ሙሾ በቀስታ ጀመርኩላት።

«ይኼ አልቋል» አለችኝ።

«እንዴት አልቋል?»

«እሱ ሞቷል። የባሻን በለኝ።»

ነገሩን ልብ በሉ። ባሻ ዓለሙ በዚያ ክረምት ሳል ይዟቸው ነበር፤ እትዬ ደስታም ሥራ ላይ ነበሩ። ከወር በላይ በየማታው ልጅቱ ስትተኛ የኖረችው በባሻ ነው። ሙሾውን እኔም ከነዜማው አውቀዋለሁ። ግን በቁም ያለ ሰው፣ ያውም እንደ ባሻ ያለ ሰው ሙሾ አውርጄ፣ በዚያው ሳምንት ሳሉ ቢጠናባቸው ጎባ ውስጥ እግሬን የማሳርፍበት ይኖረኛል? «አላውቀውም» አልኳት። እሷም እንደማውቀው ታውቃለች። ተኮራርፈን ዋልን።

ሦስተኛው ቀን ሰልስት ነበር። ልጅቱ ከዚያ ወዲያ እግሯ አልሸከማት ብሎ ጀርባዬ ላይ እያለች፣ ያ የጎባ በረዶ ድንጋይ ድንጋዩን ያወርደው ጀመር። ቤታቸው ሩቅ፣ ሜዳው ላይ የተጣለው ዳስ ግን ቅርብ ነው። ትእዛዝ ትእዛዝ ነው፤ በረዶም በረዶ ነው። ገባሁ።

ዳሱ ውስጥ ለቅሶው ተቀዛቅዟል። አልቃሿ ራሷ ሞታ ማን ያስለቅስ? ሴቶቹ አንድ ስንኝ ይጀምሩና ይረሱታል፤ ወንዶቹ ያስላሉ። በዚህ መሀል ብዙነሽ ጩኸቷን ለቀቀችው። ከጎረቤት የመጡት አደ ሞሚና ተቀብለውኝ አቀፏት፤ «ሂን ቦኢን፣ አታልቅሺ የኔ ልጅ» እያሉ ወዘወዟት። ባሰባት።

«አታምጣት አላልኩህም?» አሉ ባሻ። ቀጥሎ ልጅቱን አዩና ድምፃቸው ረገበ። «ምን ፈልጋ ነው?»

እኔ ወደ በረዶው ዞርኩ። እሷ ግን ማንን ትፈራለች?

«የባሻን ሙሾ» አለች በሳግ መሀል። «በቅሎ ያለበትን።»

አደ ሞሚና ሻሻቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ በለቅሶ አይደለም። ባሻ ግራ ቀኝ አዩ።

«እኔ ሞቻለሁ እንዴ?» አሉ።

«ኧረ ባሻ፣ እድሜዎን ያርዝመው» አልኩ፤ «እትዬ ደስታ… ቀደም ብለው… ያው ልማዳቸውን ያውቃሉ…»

ይቆጣሉ ብዬ በሩን በዓይኔ ለካሁት። በር መፈለግ የለመድኩት ሥራ ነው። ባሻ ግን ጎንበስ ብለው፣ ልጅ ነገር በሚጠይቅበት ድምፅ፣ «ለእኔም ገጥማልኛለች?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ሦስቱን ቀን ሙሉ እዚያ ከፍታ ላይ ተቀምጠው ሲያስቡ የነበሩት እንግዲህ ለእኔ ማን ያለቅስልኛል እያሉ ነው። ዘመድ የሌለው ወታደር።

«ገጥመዋል ባሻ።»

«በል በላት። ልጅቱ ትተኛ።»

ወንድ ልጅ ዳስ መሀል ቆሞ፣ በቁም ለተቀመጠ ሰው፣ በሌላ ሰው ለቅሶ ላይ ሙሾ ሲያወርድ ጎባ ከዚያ በፊት አላየችም። ዓይኔን ጨፈንኩና ጀመርኩት።

እግረኛ ሲያገኝ ከበቅሎ የሚወርድ፣
«አንተ ውጣ» ብሎ በእግሩ የሚሄድ።

አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ዓይኔን ገልጬ ባየሁ፣ ባሻ አንገታቸውን ደፍተዋል። ብዙነሽ ጣቷን ጎርሳለች። ቀጠልኩ።

ጎባ ብርድሽ ጠና፣ ዛሬ ማን ያልብስሽ፣
ጋቢውን አካፋይ አልጋ ላይ ቀረብሽ።

የዳሱ ዓይን ሁሉ ተሰብስቦ የባሻ ጋቢ ላይ አረፈ። መጀመሪያ ጠበቅ አደረጉት። ቆይተው ወደ አደ ሞሚና ጠጋ አሉና በአንዱ ጫፍ የልጅቱን እግር ሸፈኑ። ቆይተው በሌላው ጫፍ ትከሻዋን። በመጨረሻ ባሻ በእጀ ጠባብ ብቻ ቀርተው ብርዱ ያንዘፈዝፋቸው ነበር፤ ብዙነሽ ያን የማይወርድ ጋቢ ተጠቅልላ እንቅልፏን ለጥጣለች።

አቆምኩ። ነቃች።

«ድገመው» አሉ ባሻ።

ደገምኩት። ሴቶቹ ተቀበሉኝ። ባቆምን ቁጥር ልጅቱ ዓይኗን ትገልጣለች፣ ባሻም «ድገሙት» ይላሉ፤ የመጨረሻዎቹን ጊዜ እንኳ ልጅቱ ሳትነቃ ያሉ ይመስለኛል። አንዲት ሴት «የማን ሰልስት ነው ይኼ?» ስትል ሰምቻታለሁ። ግን ሦስት ቀን ደርቆ የዋለው ለቅሶ ያን ጊዜ ነው የወረደው። ባሻ ራሳቸው፣ «ደስታዬ፣ ይኼን ሁሉ መች ሆኜልሽ» እያሉ፣ ሳላቸው እስኪያቋርጣቸው አለቀሱ። ማንም አላባበላቸውም። ሁላችንም ሥራ ላይ ነበርን።

በማግስቱ ጧት፣ ጉሙ ሳይገፈፍ፣ በራችን ተንኳኳ። ብወጣ ባሻ ናቸው፤ በቅሎዋን ጭነው፣ ልጓሟን ይዘው፣ በእግራቸው።

«ውጣ» አሉኝ። «ተክሌን አምጣላት።»

ሌላ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ዘጉት። እኔም እንዳይጸጸቱ ብዬ ሳልጠይቅ ተፈናጥጬ ነካኋት። ሰፈሩ በየደጁ ቆሞ አየኝ። የኖርኩለት ቀን ነበር።

ሮቤ ሜዳ ላይ ሳልደርስ በቅሎዋ ማነከስ ጀመረች። ወረድኩ። የፊት እግሯን ዳሰስኩ፤ አብጧል፣ ይፈጃል። እውነትም ይዟታል። ሰውዬው ዕድሜ ልካቸውን ሲዋሹ ኖረው፣ አንድ ቀን እውነት ቢናገሩ ያመናቸው አልነበረም።

ብመልሳትስ? አሰብኩበት። ዞሬ ብገባ ሰፈሩ «ይኸው፣ አንካሳ አዋሱት» ብሎ ይስቃል፤ ሙሾውም እዚያው ይበላሻል። ስለዚህ ስንቄን ጭኜባት፣ እሷን እየሳብኩ፣ ሁለታችንም እያዘገምን አራት ቀን በእግራችን ጊኒር ወረድን። ካለሷ ብሄድ በሦስት እደርስ ነበር።

ተክሌ ከሩቅ አየን። እኔን አይደለም፣ በቅሎዋን ነው ያየው። የባሻ ዓለሙ በቅሎ በእኔ እጅ። አንድ ቃል ሳልተነፍስ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ።

«እናቴ ነች?» አለኝ።

እንደዚያ ያለ መርዶ ነጋሪ አላየሁም። አራት እግር ነበራት፣ ሦስቱ ደህና።

ስንመለስ ብዙነሽ ጀርባው ላይ ወጥታ አልወርድም አለች። የእማማን ዱላ ከበር ላይ አንሥታ ሰጠችውና፣ «ረስታው ሄዳለች» አለችው። ጠበል ያልኳት ነገር እንግዲህ እንዲያ ሆኖ ቀረ። እሱ ጀርባ ላይ እንዳለች አንቀላፋች። በየትኛው ሙሾ እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ግድግዳው ግን በዚያ ማታ የወንድ ድምፅ ነበረው።

በቅሎዋን ለመመለስ ስሄድ ተክሌም ሊያመሰግን አብሮኝ መጣ። ባሻ ደጃቸው ላይ፣ አዲስ ጋቢ ሳይሆን ምንም ጋቢ ሳይለብሱ ተቀምጠው ነበር።

«እንዴት ነበረች?» አሉኝ።

«እንደ ሙሾው ነበረች፣ ባሻ።»

የበቅሎዋን እግር አዩ። ከዚያ የእኔን እግር አዩ፤ ጫማ ከማያውቀው ተረከዜ እስከ ጉልበቴ ያለውን ጭቃ። ቀስ ብለው ጠጋ አሉኝና፣ ተክሌ እንዳይሰማ፣ በጆሮዬ፣

«ነግሬህ አልነበረም?» አሉኝ።