የጋሽ ወልዴ ማነጻጸሪያ መደብ

የማያውቀው ነገር የሌለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የእኛ አቃቂ ግን ከሁሉም በለጠች፤ የእሷ ሰው የምርምር ድጋፍ ተሰጠው።

ክቡር ተመራማሪ ወልደሚካኤል፣ በሰፈር ስማቸው ጋሽ ወልዴ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ወንዝ ዳር ጥቅል ጎመን ያለማሉ። የከብት ሐኪም ሲመጣ መርፌ አያያዝ ያሳዩታል። የባጃጅ ሾፌር አጠማዘዝ ያርማሉ። "እኔን ብትጠይቁኝ" ብለው ይጀምራሉ፤ የጠየቃቸው ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም።

መከራው የበዛው በአጥር ጎረቤታቸው በኡምሰልማ ላይ ነው። ሁለት ላሞች አሏት፤ ወተት ትሸጣለች። ጋሽ ወልዴ እበት ሊወስዱ በመጡ ቁጥር እንዴት ማለብ እንዳለባት ሳይነግሯት አይሄዱም። እሷ ማለብ ከጀመረች ሃያ ዓመቷ ነው። አንድ ቀን እንኳ ዝም ብለው ባየኋቸው እያለች ወሎ ላለች እህቷ በስልክ ታማርራለች።

ከዚያ አንድ ድርጅት በማሳቸው ላይ የራሳቸውን ዘላቂ የግብርና ምርምር ለሚያደርጉ ገበሬዎች ድጋፍ እሰጣለሁ አለ። ጋሽ ወልዴ ተወዳድረው አለፉ። ሥራው ሁለት መደብ ነው፦ አንዱ ኮምፖስት ይደረግበታል፣ ሌላው ውሃ ብቻ እየጠጣ ለማነጻጸሪያ ይቀመጣል። የኮምፖስቱ ልዩነት በግልጽ ከታየ የሁለተኛው ዓመት ድጋፍ ይለቀቃል፣ በእሱም ጉድጓድ ይቆፈራል። ከዚያ ከቆሸሸ ወንዝ መገላገል የጋሽ ወልዴ የዘመናት ምኞት ነው።

ችግሩ ማነጻጸሪያው መደብ በኡምሰልማ አጥር በኩል ሆነ። ወር ሳይሞላ ጎመኑ ገረጣ። አላፊ አግዳሚው ሽማግሌው ደከሙ እያለ ይሳለቅ ጀመር። ጋሽ ወልዴ ስለ ምርምሩ ኡምሰልማን ደጋግመው አስረድተዋት ነበር፤ እሷ ግን እንደ ሌላው ወሬያቸው አንገቷን እየነቀነቀች አሳልፋዋለች። አንጀቷ አልችል ሲል፣ እሁድ እሁድ ቅዳሴ ሲሄዱ ጠብቃ ሁለት ባልዲ የእበት ውሃ ታጠጣው ያዘች።

ጎመኑ አገገመ። ጋሽ ወልዴ ሥሩ ከአጠገቡ መደብ ኮምፖስት እየሰረቀ ነው ብለው ደብተራቸው ላይ ጻፉ፣ በሁለቱ መካከልም ቦይ ቆፈሩ። ጎመኑ ይባስ ብሎ ወፈረ።

በመጨረሻ የድርጅቱ ባለሙያ ሩት መጥታ ለካች፣ መዘነች። ልዩነት የለም አለች። ጋሽ ወልዴ ስለ ሌባው ሥር ሊያስረዱ ሲሞክሩ ኡምሰልማ ከአጥሩ ወዲያ ሰማች። ጉድጓዱ በእሷ ምክንያት ሊቀር መሆኑ ገባት።

"እኔ ነኝ ያጠጣሁት" አለች ብቅ ብላ። "ሰው እየሳቀባቸው ነበር።"

ሩት ሙከራው መበላሸቱን ጻፈች። እስከ ሰኞ ሌላ የሙከራ ሐሳብ ካልቀረበ ድጋፉ እንደሚቋረጥ ነግራቸው ሄደች።

ጋሽ ወልዴ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገሩም። ኡምሰልማ ስትመኘው የኖረችው ዝምታ ሲመጣ ጭራሽ አልወደደችውም። በኋላ ወደ አጥሩ ቀረቡ።

"ለሰኞ ሐሳብ ይሆነኝ እንደሆነ፣ ያንን ውሃ እንዴት ነው የምታዘጋጂው?" አሉ በቀስታ።

ሲጠይቁ ሰምታቸው አታውቅም። እንዲህ አንገታቸውን ደፍተው ማየት ከበዳት። እበቱን በጄሪካን አምስት ቀን እንደምትዘፈዝፈው አሳምራ ታውቃለች።

"አንድ ቀን እዘፈዝፈዋለሁ፣ በቃ" አለች።

ጋሽ ወልዴ ቀና አሉ። "አንድ ቀን? አንድ ቀን ምን ያደርጋል! ቢያንስ አምስት ቀን ነው እንጂ።"

"አምስት? እኔ ምኑን አውቄው ጋሽ ወልዴ" አለች።

ደብተራቸውን አውጥተው ያስረዷት ጀመር። ኡምሰልማ በርጩማ አቀበለቻቸው፤ ላሞቹ የሚታለቡበት ሰዓት አልፎ ነበር።