ፏፏቴያችንን የማያደንቁት ወይዘሮ አርዲት

በየትኛውም ትንሽ ከተማ የገዛ አገሩን ማድነቅ የማይሆንለት አንድ ሰው አይጠፋም። ከተማው ደግሞ እንግዳ እንዲቀበልለት የሚሾመው ከሁሉም መርጦ ያንኑ ሰው ነው። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ምናልባት ቁልፍ የማይጠፋው በእንዲህ ያለ ሰው እጅ ብቻ ስለሆነ ይሆናል።

የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ አርዲት ፎስለር ናቸው፤ የከተማችን የፎክስ ሪጅ አሮጌ ባቡር ጣቢያ ጠባቂ፣ አስጎብኚ፣ ጠራጊ፣ የመጸዳጃ ቤቱም የበላይ ኃላፊ። ባቡሩ ከቀረ አርባ ዓመት አልፎታል፤ ሐዲዱም ተነቅሎ ብስክሌተኞች ይሄዱበታል። እሳቸው ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በረዶው ቀልጦ እስኪመለስ ድረስ፣ በየማለዳው ጣቢያውን ከፍተው የጎብኚ መዝገቡን ገልጠው ይቀመጣሉ። አንዱ ከብስክሌቱ ወርዶ ላቡን እየጠረገ ፏፏቴው በየት በኩል እንደሆነ ሲጠይቃቸው፣ መጀመሪያ ከየት እንደመጣ ይጠይቁታል። ከቺካጎ ነው ካላቸው ፊታቸው በሐዘን ይጨማደዳል።

«ከዚያ ድረስ ለዚህ ብለህ መጣህ?» ይሉታል። «እንግዲህ ከመጣህ እየው። ግን ያን ያህልም አይደለም።»

ይህቺ «ያን ያህልም አይደለም» የወይዘሮ አርዲት ማኅተም ናት፤ ሳያሳርፉባት የሚያልፉት ነገር የለም። ለራሳቸውም አያዳሉም። ፓይ የሚባለው የፖም ኬካቸው በአውራጃው ትርኢት አንደኛ ሲወጣ፣ ዘንድሮ ደህና ተወዳዳሪ አልነበረም አሉ። ወጥ ቤታቸው የተቃጠለ ጊዜ፣ ድሮም ጠባብ ነበር አሉ። በባላቸው በኦርቪል ቀብር ላይ ቄሱ አንድ ቃል እንዲናገሩ ቢለምኗቸው ተነስተው «ክፉ ሰው አልነበረም» ብለው ተቀመጡ። ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ አለቀሰ። በሚኒሶታ ገጠር ሚስት ባሏን ከዚህ አብልጣ ስታመሰግን የሰማ ሰው የለም።

የዓሣው ነገር ደግሞ አለ። ከተማችን መግቢያ ላይ ከሲሚንቶ የተሠራ ግዙፍ ዓሣ ቆሟል፤ ከሥሩ «በክፍለ ግዛቱ ትልቁ ዓሣ» የሚል ሰሌዳ ነበረው። ሰላሳ ዓመት ማንም አልተጣላውም። ወይዘሮ አርዲት ግን አንድ ቅዳሜ ሜትራቸውን ይዘው፣ መኪናቸውን ሁለት ሰዓት ነድተው፣ ሌላ ከተማ የሚገኝ ሌላ የሲሚንቶ ዓሣ ለክተው ተመለሱ። ያኛው በሁለት ስንዝር ይበልጣል። ለከተማው ምክር ቤት ደብዳቤ ጻፉ። ሦስት ስብሰባ ፈጀብን። ሰሌዳው ዛሬ «ትልቅ ዓሣ» ነው የሚለው።

ይህን ሁሉ እየሳቅን ነበር የምናወራው፤ ያለፈው ዓመት እስኪመጣ። የብስክሌቱ መንገድ አስፋልት የሆነው እስከ ጎረቤታችን ከተማ እስከ ሃልቨርሰን ድረስ ነው። ከሃልቨርሰን እስከ እኛ ያለው ስድስት ማይል ጠጠርና እሾህ ነው። እንግዲህ ከክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ ደብዳቤ መጣ፤ አስፋልቱ ወይ ወደ እኛ ወይ ወደ ሌላ ከተማ ይቀጥላል፣ የሚመርጡ ሦስት ሰዎች በነሐሴ መጥተው ያዩናል የሚል። ትምህርት ቤታችን ከተዘጋ ቆይቷል። ሸቀጥ ቤቱም ተዘግቷል። የቀረችን አንዲት ምግብ ቤት ናት፤ እሷም መንገዱ ካልመጣ ክረምቱን እንደማትሻገር ሁላችንም እናውቃለን።

በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ተሰበሰብን። ሁሉም አንድ ነገር አሰበ፤ እንግዶቹን ወይዘሮ አርዲት ከተቀበሏቸው መንገዱ ቀረ። ደፍሮ የተናገረው ግን የለም። በመጨረሻ ከንቲባችን ጌይለን ጉሮሮውን ጠራረገና፣ ለእንግዶቹ ምሳ የሚሆን ፓይ የሚጋግር ሰው ያስፈልጋል፣ ይህን ደግሞ ከወይዘሮ አርዲት በቀር ማን ይችላል አለ። አጨበጨብን።

ጌይለንን በልጅነቱ መጽሐፍ ቅዱስ ያስተማሩት ወይዘሮ አርዲት ናቸው፤ ሲዋሽ ጆሮው እንደሚቀላ ያውቃሉ። ጆሮውን ትንሽ አዩት።

«ጣቢያውን ታዲያ ማን ይከፍታል?»

ጌይለን ወደ እኔ ዞረ። እኔ ለሳምንታዊው ጋዜጣ የምጽፍ ሰው ነኝ፤ ቃላት አያጥረኝም ተብሎ ነው። ወይዘሮ አርዲት ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው መዳፌ ላይ አስቀመጡት። በሩን ትንሽ ከፍ አድርጌ እንድገፋው ነገሩኝ። ቁልፉ ይሞቅ ነበር።

እንግዶቹ ብስክሌታቸውን መኪና ላይ ጭነው መጡ። አለቃቸው ሮበርታ ሊንድ የሚባሉ ቀጭን ሴት ነበሩ። አርባ ደቂቃ ለፈለፍኩ። ጣቢያው ወደር የለሽ፣ ዓሣው ድንቅ፣ ፏፏቴው ሲወርድ ምድር የሚያንቀጠቅጥ። ይህን የምለው ፏፏቴው ፊት ቆመን ነው። ነሐሴ ላይ ፏፏቴያችን በደንብ ካልተዘጋ ቧንቧ አይበልጥም። ሮበርታ ውሃውን አዩ፣ እኔን አዩኝ፣ ደብተራቸውን ዘጉ። ጌይለን ከኋላዬ «በቃህ፣ በቃህ» እያለ በሹክሹክታ ይቆነጥጠኛል።

ለምሳ ወደ ምድር ቤቱ ወረድን። ወይዘሮ አርዲት ሽርጣቸውን አድርገው ፓዩን ይቆርሳሉ። ሮበርታ አንድ ጊዜ ጎረሱ፣ ደገሙ፣ ከዚያ ቀና ብለው ፏፏቴው ሁልጊዜ እንዲህ እንደሆነ ጠየቋቸው። የሰው ሁሉ ሹካ አየር ላይ ቀረ። ወይዘሮ አርዲት ጌይለንን አዩት። ጌይለን ጣሪያውን አየ።

«አሁን ውሃ የለውም» አሉ። «በረዶው ሲቀልጥ፣ በሚያዝያ ይሻላል። በሚያዝያም ቢሆን ጫማ ያረጥባል እንጂ ምድር አያንቀጠቅጥም።»

እኔ ከወንበሬ ሥር መግባት አማረኝ።

«ዓሣውስ?»

«ሁለተኛ ነው። ለክቼዋለሁ።»

ሮበርታ አልሳቁም። ሹካቸውን አስቀምጠው፣ እንግዲያው አስፋልት ብናነጥፍ ማን ሊሄድበት ነው አሉ። ይህ የምር ጥያቄ ነበር፤ የመጡበት ጥያቄ። ወይዘሮ አርዲት ቢላዋውን በሽርጣቸው ጠረጉ፤ እንደገና ጠረጉት።

«እኔ አልሄድበትም፤ ጉልበቴ አይፈቅድልኝም» አሉ። «ግን ሰዎች አሁንም ይመጣሉ። በዚያ ጠጠር ላይ እየወደቁ ነው የሚመጡት። ባለፈው በጋ ብቻ ሰላሳ አንድ የተላጠ ጉልበት አጥቤ በፋሻ አስሬያለሁ። ተመለሱ እላቸዋለሁ፣ ምንም የለም እላቸዋለሁ። አይተው ይመለሱና፣ በሚቀጥለው ዓመት ልጆቻቸውን ይዘው በዚያው ጠጠር እንደገና ይመጣሉ። ምን እንደሚያዩ እኔ እንጃ። አንድ ነገር ሳይኖር ግን ሰው ሁለቴ አይወድቅም።»

ይህን ያህል በአንድ ጊዜ ሲናገሩ የሰማ አልነበረም። ሮበርታ ደብተራቸውን ከፈቱ፤ ሰላሳ አንድ ነው ያሉኝ ብለው ጠየቁና ጻፉ።

መልሱ በኅዳር መጣ። መንገዱ የእኛ ሆነ።

በእኛ አገር ይቅርታ በአፍ አይባልም፤ በምድጃ ተጋግሮ በትሪ ይመጣል። ደብዳቤው በተነበበ በሦስት ቀን ውስጥ የወይዘሮ አርዲት በረንዳ ላይ አሥራ አንድ ትሪ ተደርድሮ ነበር፤ ኑድሉ፣ ድንቹ፣ የተፈጨው ሥጋ፣ ሁሉም በፎይል ተሸፍኖ። ጌይለን ብቻውን ሁለት አምጥቷል። እኔ ብቻዬን የምኖር ሰው ነኝ፤ እንቁላል ከመቀቀል አልፌ አላውቅም። ግን ቁልፉን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ሙሉ ከምድጃ ጋር ታግዬ አሥራ ሁለተኛውን ትሪ ይዤ በራቸውን አንኳኳሁ።

ከፍተው ትሪውን አዩት። ማንኪያ አምጥተው እዚያው ደፍ ላይ እንደቆሙ ቀመሱ። እኔ ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

«ጨው በዝቶበታል» አሉ። «ድንቹም አልበሰለም።»

«አውቃለሁ፣ ወይዘሮ አርዲት።»

«ግባና በሩን ዝጋው፤ ብርድ አስገባህብኝ።»

ሁለት ሳህን አወጡ። አሥራ አንዱ ትሪ ጠረጴዛው ላይ ተቆልሏል፤ ሁሉም ከእኔው የተሻለ እንደሆነ ከመዓዛው ያስታውቃል። መጻፍ ከጀመርኩ ሰላሳ ዓመት ሆኖኛል፤ ብዙ ሰው አመስግኖኛል፣ ከልቤ ያመንኩት ግን የለም። ያን ቀን ወይዘሮ አርዲት ጥሬውን ድንች ወደ ሳህናቸው ዳር እየገፉ ከእኔ ትሪ በሉ፤ ሳህናቸውን ሲጨርሱም ሊደግሙ ማንኪያቸውን መልሰው እዚያው ትሪ ውስጥ ሰደዱት።