ራስ ፍለጋ ወደ ኩኒ

የተራበ ሰው ሲያድን ሥጋ ይፈልጋል። የጠገበ ሰው ሲያድን ግን የሚፈልገው ቀንድ ነው፤ ሥጋው ለሱ ቀንዱ የመጣበት መጠቅለያ ነው። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ፊደል የቆጠርኩት አርጅቼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እሱንም ቢሆን በጸሎቱ «ጸ»ና በፀሐዩ «ፀ» ከአስተማሪዋ ጋር ተጣልቼ ትቼዋለሁ። ድምፃቸው አንድ ከሆነ ሁለተኛው ምን ይሠራል? ስለ ቀንዱ የማውቀው አደን ስለሄድኩ ነው። አዎ፣ እኔ! ምነው፣ ሴት አደን አትሄድም የሚል አዋጅ ወጥቷል?

ጊዜው ደርግ ገብቶ ብዙም ያልቆየበት ነው። አሰበ ተፈሪ ላይ፣ ቺሮ ማለት የሚቀናችሁም ቺሮ በሏት፣ ትንሽ ምግብ ቤት ነበረችኝ። አንድ ቀን ጌታቸው የሚባል የአዲስ አበባ ሾፌር ምሳውን በልቶ፣ ጣቱን ልሶ ሲያበቃ፣ «እማማ አስካለ፣ አንድ ፈረንጅ ለአደን ይዤ መጥቻለሁ። ምግብ የሚሠራልን ሰው ቸግሮኛልና አብረውን ይሂዱ» አለኝ። ሾፌርም አስተርጓሚም እሱው ነው። ምን ሊያድን እንደሆነ ብጠይቀው፣ ከኩኒ በላይ ካለው ጫካ የደጋ አጋዘን ነው አለኝ። ሰውየው አፍሪካ ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው፤ ይህን አጋዘን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመኘው ኖሯል፤ የተሰጠው ፈቃድ ግን ለአምስት ቀን ብቻ ነው፤ ካለፈ አለፈ። «ሥጋውንስ?» አልኩ፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ስለሆነ። «ራሱን ብቻ ነው የሚወስደው፤ የቀረው የኛ ነው» አለኝ። ወዲያው ምግብ ቤቴን ዘጋሁ።

ዝግጅቱን ብታዩት! ሰውየው ለጠዋት አንድ ጫማ፣ ለቀን አንድ ጫማ፣ ለማታ አንድ ጫማ አለው። የሚታጠፍ ወንበር፣ የሚታጠፍ አልጋ፣ የሚታጠፍ መታጠቢያ ሳይቀር ይዟል። የትንኝ መከላከያ አጎበርም አለው። ኩኒ ላይ ትንኝ ብርድ ጨርሷት ስንት ዘመኗ! እኔ ድስት፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ አንድ ጆንያ ሽንኩርትና ደህና አድርጎ የደረቀ ቋንጣ ጫንኩ። ጌታቸው «አደን እየሄዱ ቋንጣ ይይዛሉ?» ብሎ ሳቀብኝ። «ልጄ፣ አዳኙን አይቼዋለሁ» አልኩት።

ላንድሮቨሩ ውስጥ የፊተኛውን ወንበር ያዝኩ። ፈረንጁ ትንሽ ቆሞ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ከኋላ ሄዶ ሽንኩርቱ ላይ ተቀመጠ። ጨዋ ሰው ነበር።

ኩኒ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ጎማ ፈነዳ፤ የፈነዳውም የገበሬ ማኅበሩ ኬላ ገመድ ፊት ለፊት ነው። ጌታቸውና ፈረንጁ መኪናው ሥር ገቡ። እኔ እንደ እመቤት ተቀምጬ ሳለሁ አህመድ የሚባል ታጣቂ ጉንጩን በጫት ነፍቶ፣ ጠመንጃውን አንግቦ መጣና «አዴ፣ ምን ፈልጋችሁ መጣሽ?» አለኝ። «መጣሽ» ማለቱን ይቅር ብዬዋለሁ፤ አማርኛው ከገበያ የተለቀመ ነው፤ የኔም ኦሮምኛ ከዚያው ገበያ ነው።

«አደን» አልኩት።

ምን ልታድኑ ሲለኝ ጌታቸው እንዳለኝ አድርጌ «ራስ» አልኩት።

ማላመጡን አቆመ። አህመድ ጭንቅላትን የሚያውቀው «ጭንቅላት» ተብሎ ነው። «ራስ» የሚባለውን የሰማው ከሬዲዮ ብቻ ነው፤ ሬዲዮውም በዚያ ሰሞን ራሶችና ደጃዝማቾች ሸፍተው ጫካ ገቡ እያለ ነበር። ይህን እኔ በምን ልወቅ?

«ምን ዓይነት ራስ?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ያረጀ ነዋ! ወጣቱን ፈረንጁ አይፈልግም። ከዘመዶቹ ተነጥሎ ብቻውን ጫካ የገባውን ነው የሚፈልገው።»

«ታይቷል?»

«ጠዋትና ማታ ብቅ ይላል አሉ። ሰው ከሸተተው ይደበቃል።»

«ሲገኝ ልትይዙት?»

«ምን መያዝ አለ? በአንድ ጥይት ነዋ! ከዚያ ጠብሼ እንበላዋለን። ላንተ እንኳ አይሆንህም፤ የክርስቲያን ነው።»

«አስተግፊሩላህ!» ብሎ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ከዚያ ፊሽካውን ነፋ።

ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አስገቡን። ከጠረጴዛው ጀርባ ሊቀ መንበሩ ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው ከሸዋ የመጣ ጸሐፊ አለ። እጅ ጽሑፉ የሚያምር፣ ኦሮምኛ የሚባል ግን አንዲት ቃል የማያውቅ። «ራሱ የት ነው ያለው?» ብሎ ጮኸብኝ። ያኔ ነገሩ ገባኝ። ወደ አህመድ ዞሬ፣ የገዛ ጭንቅላቴን በሁለት እጄ ይዤ፣ በኦሮምኛ «መታ! መታ ማለቴ ነው!» አልኩት። በነሱ ቋንቋ ጭንቅላት «መታ» ነው። አህመድ ጭኑን ጠፍጥፎ ሳቀ፤ «መታ! መታ!» እያለ ለጸሐፊው የራሱን ጭንቅላት ያሳየዋል።

ጸሐፊው ግን አንገቱን ደፍቶ ጽፏል፤ «ራሱን መታ።»

«ማነው የመታው?» ሲል ጌታቸው ሊያድነን ብሎ ዘሎ ገባ። «ጌታዬ፣ ገና አልተመታም! ነገ ነበር የምንመታው!»

እሱም ተጻፈ።

ሊቀ መንበሩ ነገሩን አህመድ በኦሮምኛ ሲያስረዳቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ልቀቋቸው አሉ። ጸሐፊው ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? መዝገብ ተከፍቷል፤ መዝገብ ከተከፈተ መዘጋት አለበት፤ ለመዝጋት ደግሞ ጫካው ውስጥ ራስ አለመኖሩ በአሰሳ መረጋገጥ አለበት፤ ካልሆነ አውራጃው ይጠይቀናል። አውራጃ ሲባል ሊቀ መንበሩ ሳቃቸውን ዋጡ። የፈረንጁ ጠመንጃም ኤግዚቢት ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈበት።

ሦስት ቀን ሙሉ ታጣቂው በሙሉ ጫካውን በፉጨትና በጩኸት አሰሰ። ከጦጣ ጀምሮ አውሬ የተባለ ሁሉ ወደ ማዶው ተራራ ነቀለ። በአራተኛው ቀን ማለዳ ከጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቆመን ሳለን አንድ ሽማግሌ አጋዘን፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ እንደ ቀኝ አዝማች እየተጎማለለ፣ በሁለት ታጣቂዎች መሀል መንገዱን አቋረጠ። ታጣቂዎቹ ራስ እየፈለጉ ስለነበር አላዩትም። ፈረንጁ እጁን ወደ ትከሻው ሰደደ፤ ትከሻው ላይ ምንም የለም። አጋዘኑ ዞር ብሎ አየንና ዱር ገባ።

ሰውየው መሬት ላይ ቁጭ አለ። የቋንጣ ፍርፍር ሠርቼ ሰጠሁት። እየበላ አለቀሰ፤ ከሐዘኑ ይሁን ከበርበሬው አላውቅም፤ አልጠየቅሁትም።

በአምስተኛው ቀን፣ ፈቃዱ ባለቀበት ዕለት፣ ጠመንጃውንና አንድ ደብዳቤ ሰጥተው አሰናበቱን። ጌታቸው መንገድ ላይ ሲያነብልኝ እንዲህ ይላል፤ «በተጠርጣሪዋ በአስካለ ቃል መሠረት በደኑ ውስጥ በተደረገው ከፍተኛ አሰሳ በሕይወት ያለም ሆነ የተመታ ራስ ያልተገኘ መሆኑን እናረጋግጣለን።» ከሥሩ እንደ ድፎ ዳቦ የከበበ ማኅተም አለ። ፈረንጁ ማኅተሙን ሲያይ ፊቱ በራ፤ ደብዳቤውን ለመነና ወሰደው።

በዓመቱ ጌታቸው ሲመለስ እንደነገረኝ፣ ሰውየው ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል፤ እንግዳ ሲመጣም የአፍሪካ አደን ምስክር ወረቀቴ እያለ ያሳያል።

እንግዲህ ፍረዱኝ። አጋዘኑ ኩኒ ላይ ሣሩን ይግጣል፤ ፈረንጅ አገር ተሰቅዬ የቀረሁት እኔ ነኝ። ያውም «ወይዘሮ» እንኳን ሳይሉኝ!