ከፓሪስ ተነሥቶ ለንደን አረፈ

እኛ መንገድ የምንለካው በስንቅ ነው። ከአዳማ ሻሸመኔ ምን ያህል ይርቃል ብትሉን የበሶውን ልክ እንነግራችኋለን፤ በቅሎዋ ካልሰነፈች፣ ወንዙ ካልሞላ፣ መንገድ ላይ ዘመድ ይዞ ካላስቀረ አምስት ስድስት ቀን ነው። ዘመድ ካለማ አይታወቅም። ባቡሩ ከመጣ ወዲህ እንኳ ድሬዳዋ የሚሄድ ሰው አዋሽ አድሮ በማግስቱ ነው የሚገባው፤ እኛም ይህንኑ መብረር እንለዋለን። እንግዲህ ጥፋቴን ስትሰሙ ቶሎ አትፍረዱብኝ።

ጎረቤቴ እትዬ ባፈና ያላቸው አንድ ልጅ ነው። ታደሰ ይባላል፤ ለአንድ ነጋዴ አስተርጓሚ ሆኖ ፈረንሳይ አገር ከሄደ መንፈቅ አልፎታል። አንድ ጠዋት የነጋዴው ጸሐፊ ከአዲስ አበባ በባቡር የላካት ወረቀት ደረሰችና፣ በሰፈሩ ፊደል የለየሁ እኔው ስለሆንሁ ተጠራሁ። ዳዊት የደገመ ሰው ድምፁን ማሳመር ይወዳል። ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርሁ፤

«ልጅዎ ታደሰ ማክሰኞ ጠዋት በአየር ከፓሪስ ተነሥቶ፣ በሁለት ሰዓት ተኩል ለንደን ላይ አረፈ።»

እትዬ ባፈና ወረቀቷን ከእጄ ነጥቀው፣ ደረታቸው ላይ ለጥፈው ጮኹ። ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ ግልብጥ ብሎ መጣ። «በአየር» የተባለውን አንዷ «ነፋስ መትቶት ነው» ብላ ተረጎመችው፤ ሁላችንም አመንን። እኔ ደግሞ፣ አወቅሁ ባዩ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ባሕር እንዳለ፣ ርቀቱም ከእኛ እስከ ድሬዳዋ እንደሚሆን ከጣቢያ ሰዎች ሰምቼ ነበርና፣ ያን መንገድ በሁለት ሰዓት ተኩል የምትጨርስ ነፍስ ብቻ ናት አልሁ። ለቅሶው ባሰ። ንፍሮ ተጣደ፤ እናቲቱ ፊታቸውን እንዳይነጩ ሁለት ሴቶች እጃቸውን ያዙ።

ከቀትር በኋላ የእህል ደንበኛቸው ኦቦ ገመዳ ከመልካሳ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። አጠገቤ ተቀምጠው ነገሩን ከሥሩ አስነገሩኝና ጥቂት አሰቡ።

«ልጄ፣» አሉ፣ «እኔ አዲስ አበባ አውሮፕላን አይቻለሁ። ሜዳው ላይ ሲወርድ ሰው ሁሉ ‹አረፈ፣ አረፈ› ይል ነበር። ያለቀሰ ግን አላየሁም።»

ላብ አጠመቀኝ። እትዬ ባፈናን ለምኜ፣ በእንባ የራሰችውን ወረቀት ከደረታቸው ወስጄ፣ ጩኸቱ ያስጣለኝን የመጨረሻውን መስመር አነበብሁ፤ «ብርዱ ስለ ጸናበት ወፍራም ጋቢ ይላኩለት» ይላል። ሙት ደግሞ አይበርደውም! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለእኔ ነው። ቢሆንም ዕድሜ ልኬን እንደዚያ እፎይ ብዬ አላውቅም፤ ከደስታ ብዛት እዚያው መሬት ቁጭ አልሁ። እትዬ ባፈና ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ኦቦ ገመዳን ጉልበታቸውን ይስማሉ። የለቅሶው ንፍሮም በእልልታ ተበላ።

በማግስቱ ከጋቢው ጋር የሚላክ ደብዳቤ አጻፉኝ። ሰላምታውን፣ ምርቃቱን፣ የጎረቤቱን ሁሉ ደኅንነት ከጨረስን በኋላ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ ተክለው፣

«በአየር መሄድህን ሂድ፤ አደራህን ግን፣ ሁለተኛ እንዳታርፍ በልልኝ» አሉ።

ላስረዳቸው ብዕሬን አነሣሁ። ዓይናቸው ገና ከትናንቱ ለቅሶ እንዳበጠ ነው። እንዳሉት ጻፍሁ።