ኦስቢ ሦስቴ ካልተለመነች

[ኦስቢ፣ ሚኒሶታ። የነሐሴ ቅዳሜ ረፋድ። ድሮ ባቡር ይሄድበት የነበረው ሐዲድ ተነቅሎ የብስክሌት መንገድ ሆኗል። መንገዱ ግን ከተማዋን አይነካትም፤ በበቆሎው ማሳ መሃል ሽው ብሎ ያልፋታል። ዳር ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የውሃ ቧንቧና ቤት የምታክል የሲሚንቶ ዶሮ አሉ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ቨርሊን የመንገድ ኮሚቴው ሊቀመንበር ነው፤ ሠላሳ ዓመት የእህል ጎተራ ሲያስተዳድር ኖሮ ከሥራው ጡረታ ወጣ እንጂ ከማስተዳደሩስ አልወጣም። አጠገቡ ያለው ዴልማር ትራክተር ጠጋኝ ነው። ዴልማር ነገር እስኪገባው በቆሎው ይደርሳል እያለ ከተማው ይስቅበታል። ጭኑ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ የፖም ኬክ ይዟል።]

ዴልማር፦ እኔ የምለው፣ የሚታየው ቂጧ ነው።

ቨርሊን፦ “ጀርባዋ” በል! ሰው ይሰማል።

ዴልማር፦ ማን ይሰማል? በቆሎው? ብስክሌተኛው ሁሉ የሚያየው ቂጧን ነው። ፊቷ ወደ ከተማ ዞሯል። መዞር አለባት።

ቨርሊን፦ እኔ በሕይወት እያለሁ አትዞርም! እንዲህ ያቆምኳት አስቤበት ነው። መንገደኛው ቂ... ጀርባዋን ያይና “ፊቷ ምን ይመስል ይሆን?” ብሎ ይጓጓል። ጓጉቶ ወደ ከተማ ይገባል። ይሄ ጥበብ ነው፤ አንተ አይገባህም።

ዴልማር፦ በሁለት ዓመት ስንት ሰው ጓጓ?

ቨርሊን፦ ጉጉት ጊዜ ይፈልጋል።

ዴልማር፦ አምና አንድ ሰውዬ እንኳ ቆሞ ነበር።

ቨርሊን፦ አየህ!

ዴልማር፦ ጎማው ተንፍሶበት።

[ሁለት ብስክሌተኞች ብቅ ይላሉ። ቨርሊን ከወገቡ ቀና ብሎ እጁን ያወዛውዛል። ሳያዩት ያልፋሉ። እጁን ቀስ ብሎ ኪሱ ይከተዋል።]

ዴልማር፦ ሰሌዳዋ ላይ ደግሞ “የዓለም ሁለተኛዋ ትልቅ የሲሚንቶ ዶሮ” ይላል። አንደኛዋ የት ነው ያለችው?

ቨርሊን፦ እኔ በምን አውቃለሁ?

ዴልማር፦ ታዲያ ሁለተኛ መሆኗን በምን አወቅን?

ቨርሊን፦ አንደኛ ነን ብለን እንጻፍልህ? የኦስቢ ሰው ጉራ አይነዛም!

ዴልማር፦ እሺ ይሁን። እኔ እንኳ የመጣሁት ስለዚያች የመንገድ ቢሮ ሴትዮ ልነግር...

ቨርሊን፦ አታቋርጠኝ! ስለሷ እኔ ልንገርህ። ጠዋት መጥታ ነበር። ከዋናው ከተማ ድረስ፣ በብስክሌት፣ ወረቀቱን ይዛ። “መንገዱን አጥፈን በዋናው ጎዳናችሁ እናሳልፈው? ወይ አንተ ወይ ምክትልህ ትፈርማላችሁ፣ በቃ” አለችኝ።

ዴልማር፦ አንተስ?

ቨርሊን፦ እንደ ጨዋ ሰው ነዋ! “ኧረ ባክሽ፣ ለእኛ ብላችሁ አትቸገሩ” አልኳት።

ዴልማር፦ እምቢ አልካት?

ቨርሊን፦ የመጀመሪያው እኮ ነው! በመጀመሪያው እሺ የሚል ሰው አለ? እ? ረሳሁት ለካ፣ አለ። አንተ አለህ። ምክትል ሊቀመንበር ሁን ስንልህ ገና አፋችንን ሳንዘጋ እሺ ያልክ ሰው! ስብሰባው ሁሉ አፍሮልህ ጣሪያ ጣሪያ ሲያይ ነበር።

ዴልማር፦ ፈልጌ ነዋ።

ቨርሊን፦ የፈለገማ ሁለቴ እምቢ ይላል! ስንቴ ላስተምርህ? በለቅሶ ቤት እንኳ ኬክ ሲቀርብልህ በመጀመሪያው ነው የምታነሳው።

ዴልማር፦ ሲርበኝ ነው። ከዚያስ?

ቨርሊን፦ ከዚያማ ትንሽ አየችኝና “እርግጠኛ ነህ?” አለች። ይሄ ሁለተኛው ነው። አንገቴን ሰበር አድርጌ “ተዪው፣ ለሌላ ለቸገረው ይሁን” አልኳት። አያቴ ቢያየኝ በኩራት ያለቅስ ነበር።

ዴልማር፦ ሦስተኛውስ?

ቨርሊን፦ እሱን ነው የምጠብቀው።

ዴልማር፦ ከመቼ ጀምሮ?

ቨርሊን፦ ሦስት ሰዓት ሆነኝ።

ዴልማር፦ በየት በኩል ሄደች?

ቨርሊን፦ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና በዚያ በኩል።

ዴልማር፦ በዚያ በኩል የሃልቨርድ ከተማ ነው።

ቨርሊን፦ ሃልቨርድ መሆኑን አውቃለሁ!

ዴልማር፦ የሃልቨርድ ሰዎች በስንተኛው ነው እሺ የሚሉት?

ቨርሊን፦ እነዚያ? ሳይጠየቁ ነዋ! ያን የፕላስቲክ ዓሣቸውን “የዓለም አንደኛ” ብለው የጻፉ ዓይን አውጣዎች!

ዴልማር፦ ሴትዮዋ ያደገችው የት ነው?

ቨርሊን፦ ቺካጎ።

ዴልማር፦ ቺካጎ ስንት ጊዜ ነው የሚጠይቁት?

[ቨርሊን ወደ ሃልቨርድ አቅጣጫ አሻግሮ አየ። ከጠዋት ጀምሮ ሲሸሸው የነበረ ጥያቄ ነው።]

ቨርሊን፦ አንዴ።

ዴልማር፦ አንተን ግን ሁለቴ ጠየቀችህ።

ቨርሊን፦ ደግ ብትሆን ነዋ። ወይኔ! ወይኔ ቨርሊን!

ዴልማር፦ እህቴ አርዲስ እኮ መንገዱ ካልመጣ በረዶ ሳይጥል ኬክ ቤቷን እዘጋለሁ ብላለች። “የሚሸጥ” የሚለውን ሰሌዳ ጽፋ ጨርሳዋለች። ቀለሙ እየደረቀ ነው።

ቨርሊን፦ አትንገረኝ! በየቀኑ ጠዋት የምቀመጠው እዚያ አይደል? ኬክ ቤቱ ከተዘጋ ማን ጋ ነው የማወራው? ሰባት ዓመት፣ ዴልማር! ሰባት ዓመት ደብዳቤ ጽፌ፣ ለምኜ፣ ደጅ ጠንቼ፣ ወረቀቱን እጄ ላይ ስታስቀምጥልኝ “አትቸገሩ” እላለሁ? ምን ዓይነት ጅል ነኝ?

ዴልማር፦ ኬክ ልስጥህ?

ቨርሊን፦ ተወው ባክህ።

ዴልማር፦ ትኩስ ነው። እርግጠኛ ነህ?

ቨርሊን፦ ለራስህ ይሁን፣ አንተ ብላው።

[ዴልማር ወረቀቱን ገልጦ በላው። ቨርሊን ቁልቁል የሚወርደውን ፍርፋሪ በዓይኑ ተከተለው። ጠዋት ቁርስ አልበላም።]

ዴልማር፦ አሁን ልናገር?

ቨርሊን፦ ምን ቀረና ትናገራለህ?

ዴልማር፦ ሴትዮዋ ሃልቨርድ አልሄደችም። መንገዱ ጠፍቷት ጋራዤ መጣች፤ አርዲስ ጋ ወስጄ ኬክ ጋበዝኳት። በመጀመሪያው በላች፣ ደስ ስትል! ከዚያ “የሚፈርም ሰው አጣሁ” አለችኝ። ምክትሉ እኔ ነኝ አልኳት። “ትፈርማለህ?” አለችኝ።

ቨርሊን፦ አንተስ?

ዴልማር፦ ፈረምኩ።

[ቨርሊን ብድግ አለ። እንደገና ቁጭ አለ። የዴልማርን ባለፍርፋሪ እጅ ይዞ በሁለት እጁ ናጠው።]

ቨርሊን፦ ዴልማር! አንተ... አንተ እኮ... እና ይሄን ሁሉ ሰዓት ታስቀምጠኛለህ?

ዴልማር፦ አታቋርጠኝ አልከኝ። ደግሞ ዶሮዋ ማክሰኞ ትዞራለች፤ ወረቀቱ ላይ አለ።

ቨርሊን፦ ትዙር! ከፈለገች ትብረር! አርዲስ አወቀች?

ዴልማር፦ “የሚሸጥ” የሚለውን ገልብጣ በጀርባው “ክፍት ነው” ብላ ጽፋበታለች። ይሄ ኬክ ላንተ ብላ የላከችው ነበር።

[ቨርሊን ባዶውን ወረቀት አየው።]

ዴልማር፦ አንድ ሌላ ነገር አለ። ከዶሮዋ ሥር የነሐስ ሰሌዳ ይቆማል። መንገዱን ያመጣው ሰው ስም ለዘላለም ይቀረጽበታል አለች ሴትዮዋ።

[ቨርሊን ኮፍያውን አስተካከለ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።]

ቨርሊን፦ እንግዲህ... አስፈላጊ እንኳ አልነበረም። እና?

ዴልማር፦ “ሰባት ዓመት ደብዳቤ የጻፈው የሊቀመንበሩ ስም ይግባ?” አለችኝ። የአንተን ጨዋነት ደግሞ አውቀዋለሁ። “ኧረ እሱ አይፈልግም፣ አትቸገሩ” አልኳት።

ቨርሊን፦ የመጀመሪያው ነው። ጎበዝ። ቀጥል።

ዴልማር፦ “እርግጠኛ ነህ?” አለች። አንገቴን ሰበር አድርጌ “ለሌላ ሰው ይሁን” አልኳት። ልክ እንዳስተማርከኝ!

ቨርሊን፦ ሦስተኛውስ? ዴልማር፣ ሦስተኛውን ንገረኝ!

ዴልማር፦ ሦስተኛ የለም። “እንግዲያው ያንተ ስም ይግባ?” አለችኝ።

ቨርሊን፦ አንተስ?

ዴልማር፦ እሺ አልኳት።

[ቨርሊን ቀስ ብሎ ዞሮ ዶሮዋን አያት። እስከ ማክሰኞ ድረስ የምታሳየው ያንኑ ቂጧን ነው።]