የሰርቨሯ መርዶ

ጆሮ ልማደኛ ነው። ጎረቤታችሁ ልጇን ስትቆጣ የመጀመሪያ ቀን ከአልጋ ዘላችሁ ትነሣላችሁ፤ በወሩ ግን የምትደነግጡት ዝም ያለች ዕለት ነው። እኔ ደግሞ እንጀራዬ ከሚጮህ ነገር ጋር ነው፤ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ዳውንታውን አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኔትወርክ እጠብቃለሁ። ለማያውቅ ሰው፣ ይህ ማለት ዘበኝነት ነው። ልዩነቱ፣ ዘበኛ ፊሽካ ይነፋል፤ እኔ ላይ ግን የምጠብቃቸው ማሽኖች ናቸው የሚነፉብኝ።

ይህ አልበቃ ብሎኝ፣ በገዛ እጄ የሐበሻው ሰፈር ፌርፋክስ ላለው ዕድራችን ሰርቨር አቆምኩ። ሰርቨር ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳትጠብቁ። የጫማ ካርቶን የምታክል ሳጥን ናት፤ የምትኖረውም በእትዬ አስካለ ምግብ ቤት ጓዳ፣ ከሽንኩርቱ ጆንያ ጎን ነው። ሆዷ ውስጥ ግን የሰፈሩ ሰርግና ክርስትና ሁሉ አለ፤ የሠላሳ ዓመት የቪዲዮ ካሴት አንድ በአንድ የገለበጥኩት እዚያ ነው። የዕድራችን ሊቀመንበር የጋሼ ታፈሰ ባለቤት፣ ነፍሳቸውን ይማርና እትዬ ጥሩነሽ፣ በልጃቸው ሰርግ እስክስታ ሲመቱ ያሉትም እዚያው ነው። ካሴቶቹስ? «ከእንግዲህ ምን ያደርጉላችኋል፣ ጣሏቸው» ያልኩት እኔው ነኝ። ጣሏቸዋ!

ሳጥኗ ታዲያ ክፉ አመል አላት፤ ትንሽ ነገር ስትሆን ስልኬ ላይ ማስጠንቀቂያ ትልካለች። እትዬ አስካለ ድስት ሲጥዱ «ሙቀት ጨምሯል» ትላለች። ሲያወጡ «ሙቀት ተስተካክሏል» ትላለች። የዶሮ ወጥ ቀንማ አርባ መልእክት! ጾም መፈታቱን የማውቀው ከሰርቨሯ ሆነ። ልብ ያለው ሰው ቁጭ ብሎ የሚረባውን ከማይረባው ይለያል፤ የድስቱን ዝም ያሰኝና ቪዲዮው የተቀመጠበትን የዲስኩን ይተዋል። የዐሥር ደቂቃ ሥራ ናት። እኔ ግን ተናድጄ ሁሉንም ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። ስዘጋው፣ ከባድ አደጋ ቢደርስና አንተ ባትመልስ ለማን ልንገር ብላ ጠየቀችኝ። ባዶ አትቀበልም። የጋሼ ታፈሰን ስልክ ሞላሁና ረሳሁት።

ወር አልፎ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ኖርዝ ሆሊውድ ያለው አፓርታማዬ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ጋሼ ታፈሰ፣ እትዬ አስካለና አንድ ሌላ የዕድሩ ሽማግሌ ቆመዋል። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሳይደውሉ፣ በዚያ ሰዓት ከፌርፋክስ ድረስ ድራይቭ አድርገው! እናንተም ታውቁታላችሁ፤ የእኛ ሰው መርዶ በስልክ አይናገርም። በጠዋት፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ተሰብስቦ ይመጣል እንጂ። ናዝሬት ያለችው እናቴ ፊቴ ላይ ድቅን አለች።

«ቁጭ በል ልጄ» አሉ ጋሼ ታፈሰ። «ቁርስ በልተሃል?»

«ጋሼ፣ እማዬ ናት? ንገሩኝ!»

«መጀመሪያ ትንሽ ቅመስ» አሉ እትዬ አስካለ፣ ይዘውት የመጡትን ፍርፍር እየከፈቱ።

ሁለት ጉርሻ ዋጥኩ። ሽማግሌው ይህች ዓለም አላፊ መሆኗን በሰፊው አስረዱኝ። ከዚያ ጋሼ ታፈሰ ስልካቸውን አውጥተው በሌላው እጃቸው እጄን ያዙ።

«ቴክስቱ የደረሰኝ ሐሙስ ነው። ክሪቲካል ይላል። ሶ፣ ሥራ ላይ ሆነህ እንዳትሰማ ብለን ደበቅንህ። እንግዲህ የደከምክበት ነገር ነው፤ አይዞህ፣ በርታ። አንደኛው ዲስክ ዐርፏል።»

«እናቴ ደህና ናት?»

«እናትህ ደግሞ ምን ትሆናለች?»

ተነሥቼ ሦስቱንም አገላብጬ ሳምኳቸው። ፍርፍሩንም ጥርግ አድርጌ በላሁ። ጣቴን ልልስ ስል ነው ነገሩ የገባኝ። ዲስኮቹ ሁለት ናቸው፤ የያዙትም አንድ ዓይነት ነው፤ አንዱ ሲሞት ሌላው ብቻውን ይሸከማል። ስለዚህ ከሐሙስ ጀምሮ የሰፈሩ ሰርግ ሁሉ በአንድ ያረጀ ዲስክ ላይ ተንጠልጥሏል፤ እሱም ከሞተ ካሴት የለም።

«ምነው ጋሼ፣ በደወሉልኝ!»

«እንዴት ተደርጎ በስልክ!» ብለው ተቆጡኝ። ለቀባሪው አረዱት ሲባል እሰማ ነበር፤ እዚህ ግን ቀባሪው ራሱ ጆሮውን ደፍኖ ተገኘ።

ወደ ፌርፋክስ ስንበር ጋሼ ታፈሰ አጠገቤ ሆነው «ጥሩነሽም እዚያው ውስጥ ናት አይደል?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። መኪናውን እየነዳሁ አፈርኩ። ለካ ሊያጽናኑኝ ከመጡት ሰው የበለጠ ሐዘንተኛ አልነበረም።

ያን ቀን የተረፈውን ዲስክ ገልብጬ እስክጨርስ እትዬ አስካለ ጓዳው እንዳይሞቅ ብለው ምድጃ አላበሩም። ቅዳሜ፣ በምሳ ሰዓት! ደንበኛው ሁሉ እያጉረመረመ ሰላጣ በላ። ዘጠኝ ሰዓት ግድም እትዬ ጥሩነሽ ስክሪኑ ላይ ብቅ ብለው እስክስታቸውን አስነኩት። ጋሼ ታፈሰ ወንበራቸውን አስጠግተው «ድምፁን ጨምረው እስቲ» አሉኝ።

በማግስቱ አዲስ ዲስክ ከተትኩና የዐሥር ደቂቃዋን ሥራ ሠራሁ፤ የድስቱን ዘጋሁ፣ የዲስኩን ከፈትኩ። ስልኬም ጸጥ አለ። ግን አንድ ሰኞ ጠዋት ጋሼ ታፈሰ ደወሉ።

«ቁርስ በልተሃል?»

ክው አልኩ። ከሥራ አስፈቅጄ፣ ላፕቶፔን አንጠልጥዬ፣ ያን ሁሉ ትራፊክ አልፌ ፌርፋክስ ስደርስ ሰርቨሯ ደህና ናት፤ ሁለቱም ዲስኮች ደህና ናቸው። ጋሼ ታፈሰ አንድ ሙሉ ትሪ ፍርፍር ፊታቸው አስቀምጠው በሩን ያያሉ። ለካ ብቻቸውን መብላት አልሆንላቸው ብሎ ነው።

እኛ ሙያ ውስጥ ይህ የውሸት ማስጠንቀቂያ ይባላል። ከዚያ ወዲህ በየሰኞው ይመጣብኛል። እሱን ግን አልዘጋሁትም።