ሚዳቋ ሆኖ የሚሞትልኝ ሰው

አንድን ነገር አንድ ጊዜ ያየ ሰው ሲያወራው ይኖራል፤ ሁለት ጊዜ ያየው ያስተምረዋል፤ ሦስት ጊዜ ያየው ግን ሌላ ሰው ስለዚያ ነገር አፉን እንዲከፍት አይፈቅድም። እኔ ባሌት የሚባለውን የፈረንጅ ውዝዋዜ ሦስት ጊዜ አይቻለሁ። እንግዲህ በመቱ ከተማ፣ ምናልባትም በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት በሙሉ፣ ስለ ባሌት ሊጠየቅ የሚገባው ማን እንደሆነ እኔው ባልናገር ይሻላል።

ሦስት ጊዜ ስል ሦስት የተለያየ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ ፊልም ነው። በሲኒማ መኪና ተጭኖ የመጣ፣ ስለ ዝንብና ስለ ወባ ከሚያስተምረው ፊልም በኋላ፣ ሰዉ ቀድሞ ተነሥቶ እንዳይሄድ ይመስለኛል፣ መጨረሻ ላይ የሚታይ። ርዝመቱ አንድ ሰው ጫማውን አስጠርጎ እስኪነሣ ቢሆን ነው። አንዲት ቀጭን ፈረንጅ ሚዳቋ ሆና ውሃ ልትጠጣ ትወርዳለች፤ አዳኝ ይወጋታል፤ ትሞታለች። በቃ። ነገር ግን መኪናው ከጎሬ ወደ መቱ፣ ከመቱ ወደ በደሌ ሲጓዝ እኔም በቡና ጭነት ላይ ተሳፍሬ ተከትዬው ስለነበር፣ ሦስቱን ትርኢት አወዳድሮ ለመፍረድ የበቃሁ እኔ ብቻ ነኝ።

የጎሬው የታየው በአንድ መጋዘን ግድግዳ ላይ ነበር። ግድግዳው መሐሉ ላይ አብጦ ስለነበር ልጅቱ በዚያ ባለፈች ቁጥር እርጉዝ ትመስል ነበር፤ አዳኙ ሲወጋት የጎሬ ሰው ከመጠን በላይ ማዘኑ ስለዚህ አያስገርምም። የመቱው በአንሶላ ላይ ነበር። ነፋስ አንሶላውን እያነሣ ሲያርገበግበው ልጅቱ ራሷም ያላሰበችው ቦታ ድረስ ትዘል ነበር። ከሦስቱ ከፍ ያለው ዝላይ የታየው በመቱ ነው፤ ይህን የምለው የተወለድኩበት አገር ስለሆነ አይደለም። በደሌ ላይ ግን መብራት የሚሰጠው ሞተር ጠፋና ልጅቱ ሳትሞት ቀረች። ሕዝቡ ተርፋለች ብሎ ደስ አለው። እኔ ደግሞ ጎደሎ ነው ብዬ ፈረድኩ። ሚዳቋይቱ ካልሞተች ያ ሁሉ ሩጫ ለምን ተሮጠ?

ለማያውቅ ላስረዳ። ባሌት ማለት በእግር ጣት ጫፍ ቆሞ፣ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ሁሉን መናገር ነው። ከባድ ነው ይባላል፤ ፈረንጆች ለዚሁ ብለው ትምህርት ቤት ከፍተዋል አሉ። በቡና ለቀማ ጊዜ ዳሪሙ ብትወርዱ ግን ሴቱም ወንዱም የላይኛውን ቅርንጫፍ ለመሳብ በጣቱ ጫፍ ቆሞ ነው የሚውለው፤ ያውም ቅርጫት ታቅፎ። እስከ ዛሬ ያጨበጨበላቸው ሰው አላየሁም።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። እኔ የምሠራው በትምህርት ቤታችን ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። ስድስተኛ ክፍልን ከአስተማሪ፣ የቀረውን ካገኘሁት ወረቀት ሁሉ ተምሬያለሁ። የወላጆች በዓል ሲቃረብ ዲሬክተራችን ሠራተኛውን ሰበሰቡና፣ ዘንድሮ ገዥው ከጎሬ ስለሚመጡ ከመዝሙርና ከጆንያ ሩጫ የተሻለ ነገር ያለው ካለ ይናገር አሉ። ሁሉም ጣራ ጣራውን ሲያይ እኔ ተነሥቼ ባሌት አልኩ። ምንነቱን ላስረዳ ስጀምር ዲሬክተሩ ሰዓታቸውን አይተው አቋረጡኝ። ካማረ የትያትር ክፍሉን ቁልፍ ለአንተ እሰጣለሁ፤ ካዋረድከኝ ግን ከነጠመኔህ ግምጃ ቤት ትቀራለህ አሉኝ። ያን ቁልፍ ሁለት ዓመት ሙሉ በዲሬክተሩ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ሳየው የኖርኩ ሰው፣ ሌላ ምን እላለሁ? እሺ አልኩ።

በባሌት ዋናው ነገር ለማን ምን ይሰጠው የሚለው ነው። አዳኝ ወዲያው ተገኘ፤ እንዲያውም አሥራ አንድ ወንዶች ልጆች ለመውጋት ፈቃደኛ ነን ብለው ተሰለፉ። ሚዳቋ ግን ለመሆን የተፈጠረችው የሰባተኛ ክፍሏ አስቴር ነበረች፤ አንገቷ ረዥም፣ እርምጃዋ ድምፅ የሌለው። እናቷ እትዬ ዘርፌ በደንብ ተቀበሉኝ። ስለ ዝላዩ ስነግራቸው ፈገግ አሉ፤ ስለ ሽክርክሪቱ ስነግራቸው ልጃቸውን ቀና ብለው አዩ፤ መጨረሻ ላይ ትሞታለች ስላቸው የያዙትን ስኒ አስቀመጡ። ልጄ ትዝለል፣ ትሽከርከር፣ ከቻለችም ትብረር፤ መሞት ግን አትሞትም አሉ። ሞት የጠሩት ቤት ነው የሚገባው፤ በአደባባይ፣ ያውም በገዥ ፊት የጠሩትማ እንዴት ይቀራል? ቆይተው ግን አሳዘንኳቸው መሰለኝ፣ ቆስላ ብትድንስ አሉኝ። አይሆንም አልኩ። አዳኙ ቢስታትስ? አዳኝ የሚስትበት ባሌት እንደሌለ በሰፊው አስረዳኋቸው። እንግዲያው የራስህን እኅት ግደል ብለው ሸኙኝ።

ቀጥዬ ሣራ ወደምትባል ልጅ ቤት ሄድኩ። አባቷ አቶ ፍቃዱ የወንጌል ሰው ናቸው፤ ነገር ሲሰሙ ዐይናቸውን ጨፍነው ነው። ጨርሼ ስጠብቅ ዐይናቸውን ገለጡና፣ መሞቱስ ምንም አይደለም፣ ሁላችንም ወደ ጌታ ነው የምንሄደው፤ ጭፈራው ነው የማይሆነው አሉኝ።

እንግዲህ ፍረዱ። አንደኛው ቤት ጭፈራ ያለ ሞት ይፈቅዳል፤ ሌላው ሞት ያለ ጭፈራ። አንድ ቀን ሙሉ ሁለቱን ቤት አጋጥሜ አንዲት ሚዳቋ ላወጣ አሰብኩ። አስቴር ጨፍራ ጨፍራ ከዛፍ ኋላ ስትገባ ሣራ ከዚያው ወጥታ ልትሞት። ግን አንዷ ረዥም አንዷ አጭር ናቸው፤ ሞት ሲቀርባት በአንድ ክንድ የምታጥር ሚዳቋ ደግሞ የትም አልታየችም። ይህን ሳወጣና ሳወርድ ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ሴት ልጅ ያላቸው እናቶች ሳልፍ ካዩ ልጆቻቸውን ወደ ጓሮ ይልኩ ጀመር።

ለበዓሉ አምስት ቀን ሲቀረው በትምህርት ቤቱ በር ላይ ተክዤ ቆሜ ሳለ ዘበኛችን ጋሼ ዋቅጅራ፣ ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ሆነሃል አሉኝ። የሚሞትልኝ ሰው አጣሁ አልኳቸው። ሳቁብኝ። ይሄ ነው እንዴ የሚያስተክዝህ፣ እኔ አለሁልህ አይደል፤ የእኔ ተዝካር እኮ ተበልቷል አሉ።

እውነት ነው፣ ተበልቷል። በጣሊያን ዘመን ጋሼ ዋቅጅራ ጫካ ገብተው ድምፃቸው ሲጠፋ ሞተዋል የሚል ወሬ መንደራቸው ኖፓ ድረስ መጣ። ባለቤታቸው እትዬ ጫልቱ አለቀሱ፣ ጠጉራቸውን ተላጩ፣ በሬ አርደው ተዝካራቸውን አወጡ። ከነጻነት በኋላ ሟቹ በእግራቸው መጥተው በራቸውን አንኳኩ። መጀመሪያ የጠየቁት የትኛው በሬ ታረደ ብለው ነው ይባላል። ቀዩ ሲባሉ አንድ ሳምንት አኮረፉ። ከዚያ ወዲህ ወባ ቢጥላቸው፣ ጎርፍ ቢወስዳቸው፣ የእኔ ተበልቷል ብለው ያልፉታል። ሟርት እንደዚህ ያለውን ሰው በምን ይይዘዋል?

ነገር ግን የጥበቡም ጉዳይ አለ። ጋሼ ዋቅጅራ ዕድሜያቸው ከኀምሳ አልፏል፤ በሁለቱ እግሮቻቸው መካከል ፍየል ሳትጎነበስ ታልፋለች። ሌላ ምርጫ ቢኖረኝ ኖሮ ይህን ከባድ እንቅፋት ነው እል ነበር። ስላልነበረኝ፣ ውበት በመልክ ብቻ እንዳልሆነ ለዲሬክተሩ አስረዳሁ። ልብሱን ከቡና ጆንያ አሰፋን። በባሌት አጭር ቀሚስ እንደሚለበስ ብነግራቸው ጋሼ ዋቅጅራ ሞቱን እንጂ ቀሚሱን አልተስማማሁም አሉ።

ልምምድ ላይ ተጣላን። ፈረንጇ ስትወጋ ወዲያው እጆቿን አጣምራ ትወድቃለችና እንደዚያ አድርጉ አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ በወጣትነታቸው አዳኝ ነበሩ። ሚዳቋ ስትወጋ ወዲያው አትወድቅም አሉ። መጀመሪያ ትቆማለች፤ ጆሮዋ ይዞራል፤ ግልገሏ የቀረችበትን ታያለች፤ ጉልበቷ የሚከዳት ከዚያ በኋላ ነው። ፊልሙን ሦስት ጊዜ እንዳየሁ ባስታውሳቸው፣ የፈረንጅ አገሯን አንተ ታውቃለህ፣ የሶር ወንዟን እኔ አውቃለሁ ብለው ዘጉኝ። ያስተማርኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጋረጃው ሳይዘጋ እንዳይነሡ። ዘበኛ ናቸው፤ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ አይነገራቸውም።

መጋረጃው ሁለት ግራጫ ብርድ ልብስ ሲሆን ገመዱን የምስበው እኔ ነበርኩ። በበዓሉ ቀን ግን ዲሬክተሩ ገዥው አጠገብ ተቀምጠህ አስረዳቸው ብለው ጎተቱኝ። አስረዳ የተባለ ሰው ገመድ ያስታውሳል?

ጋሼ ዋቅጅራ በጆንያቸው ብቅ ሲሉ አዳራሹ ሳቀ። የግብርና አስተማሪያችን ዋሽንታቸውን ጀመሩ። ሽማግሌው የላይኛውን ቅርንጫፍ እንደሚስብ ለቃሚ በጣታቸው ጫፍ ቆሙ፤ አንድ እርምጃ ሄዱ፤ አዳመጡ፤ ሌላ እርምጃ። ሳቁ ከፊተኛው ረድፍ ጀምሮ እየጠፋ ወደ ኋላ ሄደ። እኔ ለገዥው ስለ እግር ጣት እያብራራሁ ነበር። ሚዳቋይቱ ወደ ውሃው አንገቷን ዝቅ አደረገች። አዳኙ ወጋት። እሷም ቆመች። ጭንቅላቷ ቀስ ብሎ ወደ መጣችበት ዞረና እዚያ የቀረ ነገር እንዳለ ሁሉ ቆየ። እዚህ ላይ ማስረዳቴን አቋረጥኩ፤ ይህ በእኔ ላይ ብዙ ጊዜ አይደርስም። ከዚያ ጉልበታቸው ከዳቸው።

ዋሽንቱ አበቃ። ገዥው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው አሁን ምን ሆኑ አሉኝ። ሞቱ፣ ጌታዬ አልኳቸው። በባሌት ሕግ ብዬ ልቀጥል ስል ገዥው ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል። ገዥ ቆሞ ማን ይቀመጣል? አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። ሰው ሞቶ ደግሞ ዝም የሚል አገር የት ነው? ከኋላ በኩል እትዬ ዘርፌ፣ ብዬው ነበር፣ ብዬው ነበር እያሉ ጀመሩ፤ ሌሎቹ ተቀበሏቸው። አንድ ሰውዬ በቀረርቶ የጋሼ ዋቅጅራን የጫካ ዘመን ያነሣ ጀመር። እኔ ገመዱ ትዝ ብሎኝ ብነሣም በሚያለቅስ ሕዝብ መካከል እንዴት ተጋፍቼ ልለፍ? መድረኩ ላይ ደግሞ ጋሼ ዋቅጅራ እንደታዘዙት ናቸው። ትንፋሻቸው እንኳ አይታይም። እውነቱን ልናገር፣ እኔም መጠራጠር ጀምሬ ነበር።

በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ያልተነሡት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እትዬ ጫልቱ። ነጠላቸውን አላዘቀዘቁም፤ እጃቸውን እንኳ ከጭናቸው ላይ አላነሡም። ልቅሶው ትንፋሽ ለመውሰድ ጋብ ሲል፣ ታኣ፣ ተቀመጡ እባካችሁ አሉ። ይሄ ሰውዬ ልማዱ ነው፤ ባለፈው ጊዜም የመጣው በሬ ካሳረደን በኋላ ነው።

ሟቹ ዐይናቸውን ሳይገልጡ፣ መጋረጃ አሉ።

ገዥው የጋሼ ዋቅጅራን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ዲሬክተሩ ቁልፉን ሰጡኝ፤ ከእንግዲህ ትርኢት ሲኖር ገመዱ ዘንድ እንድቆምና አንድ ቃል እንዳላስረዳ አስምለው። በሳምንቱ እትዬ ዘርፌ ግምጃ ቤቱ ድረስ መጡ። ነገሩን አስበውበታል፤ ሰውዬው ከሞቱ ወዲህ እንዲያውም ወፈር ብለዋል፤ ገዥም ጨብጧቸዋል። ስለዚህ አስቴር ለከርሞ ትሙት አሉኝ። በማግሥቱ አቶ ፍቃዱ መጥተው፣ ቆሞ ጆሮን ማዞር ጭፈራ ሊባል እንደማይችል በጸሎት እንደተረዱት ነገሩኝ።

ደስ ብሎኝ ወደ በሩ ወረድኩና ለጋሼ ዋቅጅራ ነገሩን በዘዴ አቀረብኩላቸው። በባሌት ዓለም አንጋፋው ለወጣቱ ቦታ የሚለቅበት ጊዜ እንደሚመጣ፣ ይህም ክብር እንጂ ውርደት እንዳልሆነ አስረዳኋቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ የካፖርታቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆለፉ።

ኢልመ ኮ፣ አሉኝ፣ እኔ በሕይወት እያለሁ በዚህ ትምህርት ቤት ሌላ ሰው አይሞትም።